ጫፍ ላይ የደረሰች ኳስ

«ዜሮ ብለሽ አስተካክዪና ሁለት ማርክሽን ውሰጂ» አለ የፊዚክስ መምህሩ፣ የልጅቷን የፈተና ወረቀት ዴስኳ ላይ እያስቀመጠ። ተማሪዎች የተሳሳቱትን አርመው ማርክ የሚያስመልሱበት ጊዜ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶታል።

ጥያቄው አጭር ነበር። ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ስትደርስ አክስለሬሽኗ፣ ማለትም ፍጥነቷ የሚለወጥበት መጠን፣ ስንት ነው?

«ቲቸር፣ ዜሮ የሚሆነው ፍጥነቷ ነው። አክስለሬሽኗ ግን ያው አስር ነው፤ ስበቱ የትም አልሄደም።»

«የመልስ ወረቀቱ ዜሮ ይላል።»

«እናቴ ሕንፃ ሥራ ላይ ፎቅ ላለው ግንበኛ ጡብ ትወረውራለች» አለች ልጅቷ። «ጡቡ የመጨረሻው ከፍታ ላይ ሲደርስ ለቅጽበት ቀጥ ይላል፣ ግንበኛው ያኔ ቀለብ ያደርገዋል። ከሳተው ግን እዚያው ተንጠልጥሎ አይቀርም። ስበቱ ከለቀቀው ምን ያወርደዋል?»

«የጡብ ፕሮፌሰር» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። በእናቷ ሥራ ሲሳቅም ልጅቷ ዐይኗን ከመምህሩ ላይ አላነሳችም።

«ክርክር አልጠየቅኩሽም» አለና መምህሩ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ አፏ ስለማያርፍ «ሞተር» ትባላለች። ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች። «ባክሽ አትድረቂ። ሰማንያ ስምንት ነው ያለሽ፣ የትምህርት ቤቱ የፊዚክስ ውድድር ቡድን የሚቀበለው ከዘጠና ጀምሮ ነው። እኔም አስር ብዬ ነበር፤ ይኸው አጥፍቼ ዜሮ አደረግኩት። ምን ቸገረሽ?»

«አሁን የቱን ነው የምታምኚው?»

ሞተር ወረቀቷን ወደ ራሷ ሳበች።

ልጅቷ ቡድኑን ትፈልገው ነበር፣ በጣም ትፈልገው ነበር። ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ለእሱ ነው። ላጲሷን አነሳች። ሞተር እፎይ አለች።

በእርሳስ የጻፈችውን አጠፋች። ከዚያ እስክሪብቶ አወጣችና እዚያው ቦታ ላይ፣ ከበፊቱ አግዝፋ፣ «10 ሜ/ሰ²፣ ወደ ታች» ብላ ጻፈች። ተነሥታ ወረቀቱን መምህሩ ፊት አኖረችው።

መምህሩ ወረቀቱን አየ፣ ከዚያ እሷን። «ሰማንያ ስምንት እንደሆንሽ ትቀሪያለሽ።»

«እሺ ቲቸር» አለች። ቀና ብላ ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

ሞተር ገና ወረቀቷን አላስረከበችም። ዜሮዋን አፍጥጣ ስታይ ቆየችና እጇን ዘረጋች።

«እስቲ እስክሪብቶሽን» አለች።