አራተኛው መስመር

ማንበብ አልችልም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ሰው እንዲያዝንልኝ ብዬ አይደለም፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ የመቃብር ድንጋይ ሳለሰልስ የኖርኩ ሴት ነኝና የማንም ሐዘኔታ አያሻኝም። እኔ እናገራለሁ፣ ፎቅ ላይ የምትኖረው አስተማሪ ትጽፋለች። ካሉት ላይ አንዲት ቃል አልጨምርም ብላ ምላልኛለች። ብትጨምርስ በምን አውቃለሁ?

ጣቴ ግን ያውቃል። ባሌ ቀራጭ ነበር፣ ልጄም ቀራጭ ነበር። እነሱ የቀረጹትን እኔ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ሳለሰልስ፣ መስመሩ ስንት እንደሆነና ፊደሉ የማን እጅ እንደሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ። የልጄ ፊደል ጫፉ ላይ ትንሽ ይጎብጣል፤ ሰው ከመቀመጫው ሊነሣ ሲል እንደሚጎብጠው።

ልጄ በመጨረሻው ክረምቱ እነዚያን ፊደሎች አንድ በአንድ በወረቀት ስሎ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባቸው። ከዚያ በኋላ መሮ መያዝ ቀረ። ኮምፒውተሩ ያዛል፣ ማሽኑ በመርፌው ድንጋዩን ይቆፍራል፣ የሚወጣው ግን የልጄ እጅ ነው። እሱ ራሱ ሳንባውን አቧራ በልቶት በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ሄደ። የሴት ልጁ እናት በወሊድ ቀርታ ስለነበር፣ ልጅቷን ለእኔ፣ ፊደሉን ለእሷ ትቶ።

ነገሩ ሁሉ የጀመረ ዕለት ልጅቷ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ዝናብ ይጥላል። አንድ ቀጫጫ ወጣት ቦርሳውን አቅፎ በራችን ሥር ተጠልሏል። ውስጥ ማሽኑ የአንድ የአራት ዓመት ሕፃን ስም እየቀረጸ ነበር። ግማሹ ላይ ሲደርስ የኮምፒውተሩ ስክሪን ባለበት ደርቆ ቀረ። መርፌው ግን አልቆመም፤ አንድ ቦታ ላይ እየተሽከረከረ ነጩን ድንጋይ ይፈጨው ጀመር።

«እማዬ! አልቆም አለኝ!» ብላ ልጅቷ ጮኸች፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝና እማዬ ነው የምትለኝ። ቁልፎቹን ትደበድባለች።

ወጣቱ ዘሎ ገባና ሶኬቱን ነቀለው።

መርፌው ቆመ። ከጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻ ይሰማል።

«ማን ንቀል አለህ?» አለችው።

«ድንጋዩ» አላት።

እንባ ባቀረረ ዓይን፣ አቧራ ባነጣው ሽፋሽፍት አየችው። እሱም አያት። እኔ ደግሞ ሁለቱን አየሁ። ባሌንና ልጄን ቀብሬያለሁ፤ ሦስተኛ ሰው ከእጄ ሊወጣ ሲል አልስተውም።

በማግስቱ የሕፃኑ እናት መጣች። ልጅቷ የተበላሸውን ድንጋይ በጨርቅ ሸፍና እንደገና እንሠራዋለን አለቻት። ሴትየዋ ጨርቁን ገለጥ አድርጋ ብዙ ቆየች።

«ስሙም እንደሱ ሳይሞላ ቀረ?» አለች። ጨርቁን መልሳ ሸፈነችው።

ወጣቱ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማንም ሳይጠራው ተመልሶ መጣ። ከተሸከመው ሽቦ እሱ ይቀጥናልና «ሽቦ» አልኩት፤ በዚያው ጸደቀበት። ሆዱ የተከፈተ ኮምፒውተር ፊት ተንበርክኮ ቆይቶ፣ ላቡን ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«እማማ፣ ይህን ኮምፒውተር የሚነዳው ሲስተም አርጅቷል። የሠሩት ሰዎች እንኳ ትተውታል። መቀየር አለበት።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ የሠሩኝም ትተውኛል። ልትቀይረኝ ነው?»

ልጅቷ ሳቀች። ከአባቷ ቀብር ወዲህ እንዲያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። እሱ ሳቋን ሰምቶ የያዘውን ብሎን ጣለው፤ ሲፈልገው እኩል ቀን ዋለ።

ከዚያ ወዲያ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል። አንዴ አቧራ ሊያራግፍ፣ አንዴ ገመድ ሊያይ፣ አንዴ ምንም ሳይዝ። እኔ ከውሃ ባልዲዬ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጬ አለሰልሳለሁ፣ ጆሮዬ ግን ሥራ አይፈታም።

«ሽፋሽፍትሽን አይተሽዋል? ወፍጮ ቤት ያደርሽ ነው የምትመስዪው» ይላታል። «ዱቄት።»

«አንተስ? ከሽቦህ ጋር ቢጠቀልሉህ ማን ይለይሃል?»

ሲመጣ የአፍ መሸፈኛውን የምታስርለት እሷ ናት። በአባቷ የደረሰውን ስለምታውቅ ያለ መሸፈኛ ከደጃፉ አታሳልፈውም። ከኋላው ቆማ ክሩን በጆሮው ዙሪያ ስታዞር እሱ ትንፋሹን ይይዛል። ራሱ ማሰር ያውቃል፤ ከተማውን ሁሉ ሲዞር ማን ያስርለታል? እኛ ቤት ሲደርስ ግን እጁ ይጠፋዋል።

ስድስት ወር እንዲህ ሆነ። ኮምፒውተሩ ግን ባሰበት። መድረቅ ሲጀምር ማቃሰት አለው፤ ያንን ድምፅ የምትለየው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ማሽኑ በሠራ ቁጥር አንድ እጇን ሶኬቱ ላይ አድርጋ ትቆማለች። ቀኑን ሙሉ። አንድ ጊዜ ሠራተኛ ቀጥረን ሁለት ድንጋይ አበላሽቶ ሄደ።

አንድ ቀን ሽቦ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ። ሌላ ከተማ፣ የስምንት ሰዓት መንገድ፣ ቋሚ ሥራ አግኝቷል። በሁለት ወር ውስጥ ይሄዳል።

«አብረሽኝ ነይ» አላት፤ እኔ እየሰማሁ፣ ሳይደብቅ። ሰውየው ደፋር ነበር፣ አልክደውም። «ተጋብተን። እማማም ከፈለጉ አብረው።»

«እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው ወደ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም ቅርብ ነው» አልኩት።

እሷ ኮምፒውተሩን አየች። «ማሽኑንስ ማን ይጠብቀዋል?»

«ሲስተሙን ከቀየርነው ጠባቂ አያሻውም። ሁለት ቀን ያየ ሰው ያሠራዋል» አለ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ግን የአባትሽ ፊደሎች በአዲሱ ላይ አይከፈቱም። የተሠሩበት ፕሮግራም ከአሮጌው ጋር አብሮ ይሞታል።»

«አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?»

ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እኔን አትጠይቂኝ። ቀይሪ ብልሽ ለራሴ ነው። ምክሬ ንጹሕ አይደለም።»

ያን ጊዜ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ማንበብ የማልችለዋ፣ ያንን ሳጥን አንድ ቀን እንኳ ነክቼ የማላውቀዋ እኔ ፈራጅ ሆንኩ። የያዝኩትን ድንጋይ አስቀምጬ ቀና አልኩ።

«የልጄን እጅ ሁለት ጊዜ አልቀብርም።»

በዚያው አለቀ። በእንዲህ ያለ ቃል ላይ ማን ይመልሳል? ቃሉ እውነት ነበር። ያልኩበት ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። ልጅቷ ከሄደች በዚያ ቤት ከእኔ ሌላ የሚተነፍስ እንደማይኖር አሰብኩ፤ ሌላ ምንም አላሰብኩም። ሰው በውሸት ብቻ የሚመታ ይመስለዋል። በእውነትም ይመታል፤ ደግሞ ዱላው ይከብዳል።

ማታ በር ላይ ሲለያዩ ሰማኋቸው።

«አትደውልልኝ» አለችው። «ድምፅህን ከሰማሁ አልችልም።»

«ካልሽ አልደውልም።»

«ማልልኝ።»

ማለላት። መሸፈኛውን ፈትቶ እጇ ላይ አስቀምጦላት ሄደ።

ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው መጣ። እሷ የመቃብር ልክ ልትወስድ ወጥታ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፣ ጺሙን አልተላጨም። ጥፍር የምታህል ጥቁር ፍላሽ አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረ።

«እማማ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እንደገና ስያቸዋለሁ። አርባ ቀን ፈጀብኝ። ጉብጠታቸውም አልቀረም፤ በአዲሱ ሲስተም ይከፈታሉ። እባክዎ ስትመጣ ይስጧት። ውስጡ አንድ ነገር ጽፌላታለሁ። አልደውልም ብዬ ምያለሁና በእርስዎ እጅ ይሁን።»

«እሺ» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። አንጀቴን በላው፤ ግን አልመለሰኝም። ሲወጣ ፍላሿን የዱልዱም መርፌዎች ጣሳ ውስጥ ከትቼ ከድኜ፣ ከአልጋዬ ሥር ገፋሁት።

ልጅቷ ስትመጣ ወለሉ ላይ የጫማ ጭቃ አየች። «ሽቦ መጥቶ ነበር?»

«ማንም አልመጣም።»

ሁለት ቃል ናት። በዕድሜዬ ያለሰለስኳቸው ድንጋዮች ሁሉ ቢደረደሩ ያን ያህል አይመዝኑም።

የሚሄድበት ቀን እሑድ ነበር። ጠዋት የክት ልብሷን ለብሳ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። እስከ ቀትር አልተነሣችም። ከዚያ ልብሷን ቀይራ ማሽኑን አስነሣች፤ እጇን ሶኬቱ ላይ አደረገች። አንድ ቃል እንኳ ሳይተውልኝ ሄደ ብላ ደምድማ ነበር። እሷም አልደወለችም። ኩራቱን ከእኔ ነው የወረሰችው፤ ሌላ የማወርሳት ነገር አልነበረኝምና።

ሦስት ዓመት እንዲያ ቆመች። ስልሳ ጊዜ ያህል ጣሳውን ልከፍት ተነሥቼ ስልሳ ጊዜ ተቀምጫለሁ። በቆየ ቁጥር መስጠቱ ባሰብኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የነጋበት ሰው ፊቱን የት እንደሚያደርግ ግን አይነግሩም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። የመጣው ጠጋኝ ጎልማሳ ሰውዬ ነው፤ ከፍቶ፣ አሽትቶ፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ዲስኩ ተቃጥሏል። ውስጡ የነበረው አይመለስም። አዲስ ኮምፒውተር ከነአዲሱ ሲስተም አምጥቻለሁ፤ ልግጠምላችሁ?»

ልጅቷ አቧራው ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። «እማዬ፣ አባዬ አሁን ሞተ» አለች።

ያን ሰምቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ጣሳውን አወጣሁ። መርፌዎቹን ዘርግፌ ፍላሿን ሰጠኋት።

አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ሰካችው። ፊደሎቹ ተከፈቱ፤ ከፊቷ አወቅሁ። መጀመሪያ አፏን ያዘች። ቀጥሎ የሆነ ነገር ለራሷ አነበበች። ከዚያ ጮክ ብላ ለእኔ አነበበችልኝ፤ ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም።

«ዱቄት፣ ከእንግዲህ ሶኬቱን ልቀቂው። ብትመጪም ባትመጪም ፊደሎቹ ያንቺ ናቸው። እሑድ ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ነኝ። የመጀመሪያው አውቶቡስ ቢያመልጠኝ ሁለተኛው አለ፤ ሁለተኛው ቢያመልጠኝ ሦስተኛው። እስኪመሽ እጠብቃለሁ።»

ጠጋኙ መሣሪያውን ሳይሰበስብ ወጣ።

«መቼ ነው የሰጠሽ?» አለችኝ።

«ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው።»

ስልኳን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ደወለች። እጇ ሁልጊዜ አቧራ ስለሆነ በስፒከር ነው የምታወራው። ሁሉንም ሰማሁ።

«ሃሎ?»

እሷ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። ትንፋሿ ብቻ ይሰማል።

«ዱቄት?»

«ፊደሎቹ ተከፈቱ» አለችው።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ከወዲያ የሕፃን ድምፅ መጣ፤ አባባ፣ አባባ እያለ ይጠራዋል። የሴት ድምፅ «ና፣ አባባ ስልክ ላይ ነው» አለው። ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ጥሩ ተከፈቱ?» አላት።

«ጥሩ። አንድም አልጎደለም።»

«ጫፋቸውስ?»

«ጎብጧል። ልክ እንደሱ።»

«እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ጠበቅሁ» አለ። ሊወቅሳት አይደለም፤ ሰዓት እንደሚናገር ሰው ነው ያለው። ቀጥሎ፣ «እማማን አትቆጪያቸው። አርጅተዋል።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እሱ እንኳ አዘነልኝ።

አዲሱ ሲስተም ተገጠመ። እውነትም ጠባቂ አያሻውም፤ ማሽኑ አንድ ቀን ደርቆ አያውቅም። አሁን ማንም ሊያሠራው ይችላል። ልጅቷ ብትፈልግ ነገ መሄድ ትችላለች፤ ብቻ የትም የሚጠብቃት የለም። ስለዚህ አለች። የተመኘሁትን አገኘሁ። ምግቤን በሰዓቱ ታቀርባለች፣ እግሬን በሙቅ ውሃ ታጥባለች። ያሳደግኳት ልጅ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ «አንቺ» ብላኝ አታውቅም። «ውሃው በረደብዎት?» ትላለች። ለእንግዳ እንደሚባለው። አንዳንዴ ማሽኑ ሲሠራ እጇ ሳታውቀው ሶኬቱን ሲፈልግ አያለሁ።

ባለፈው ወር ድንጋዬን እንድትሠራልኝ ጠየቅኋት። በልጄ ፊደል ይሁን አልኳት።

«እሺ» አለች።

ሠርታ አመጣችው። እኔው ራሴ በውሃ አለሰለስኩት፤ ለሌላ ሰው እጅ አልተወውም። ስጨርስ «አንብቢልኝ» አልኳት።

«አንደኛው መስመር ስምዎ ነው» አለች። «ሁለተኛው፣ የቀራጭ ሚስት፣ የቀራጭ እናት። ሦስተኛው፣ በእጇ ሠርታ አደረች።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

ወጥታ ሄደች። እኔ ጣቴን አወረድኩ። ስሜ አለ። ባሌና ልጄ አሉ። ሥራዬ አለ። ከዚያ በታች፣ ጫፋቸው የጎበጠ ትንንሽ ፊደሎች፣ ሌላ አንድ መስመር አለ።

ይህን የምትጽፍልኝ አስተማሪ አሁን ብዕሯን አስቀምጣ፣ «ወርጄ ላንብብልዎት፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም» እያለችኝ ነው።

ተቀመጪ ብያታለሁ። ልጅቷ የተጻፈላትን ሦስት ዓመት ሳታነብ ኖራለች። እኔ የቀረኝን ዕድሜ እችለዋለሁ።