አራተኛው ትሪ ለምን አልታመመም?

«ከአሥራ ሁለት ዜሮ ሞት» አለ ቀጮ፣ ጎል ያገባ ይመስል ሁለት እጁን ዘርግቶ። «ዜሮ። ሰማችሁ? አንድም የታመመ የለም።»

ችግኝ በሚያድግበት ላስቲክ ቤት የተሰበሰቡት የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ክበብ አባላት አጨበጨቡ። ያላጨበጨበች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። እሷም አራተኛው ትሪ ላይ ጎንበስ ብላ አሥራ ሁለቱን የቲማቲም ችግኞች፣ በኩረጃ እንደተጠረጠሩ ተማሪዎች አንድ በአንድ ታገላብጣቸው ነበር። ቅጠላቸው ወዝ አለው። ግንዳቸው ቀጥ ብሏል። በዙሪያቸው ያሉት ችግኞች አንገታቸውን ደፍተው ቢጫ ሲሆኑ እነዚህ ፎቶ ሊነሱ የተዘጋጁ ይመስላሉ።

ይህችን ልጅ ጓደኞቿ «መርማሪዋ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት አምና ነው። የክፍላቸው የሰሌዳ ማጥፊያ ጠፍቶ፣ ሦስት ቀን ሙሉ በየሰዉ እጅ ላይ የጠመኔ ብናኝ ስትፈልግ ከረመች። ማጥፊያው በመጨረሻ የተገኘው በራሳቸው በክፍሉ መምህር ቦርሳ ውስጥ ነው። ስሙ ግን እሷው ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ፈተናው እንዲህ ነበር። በአካባቢው ማሳዎች አፈር ውስጥ የሚደበቅ ፈንገስ አለ። በሥር ይገባና ውሃ የሚያልፍበትን መንገድ ይደፍናል፤ ቲማቲሙ ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም ይጠወልጋል። አንዴ ከገባ ደግሞ ውጣ ቢሉት እንደማይሰማ ተከራይ ዓመታት ይቀመጣል። የባዮሎጂ መምህሩ ይህን በሽታ የሚችል ዝርያ እንዲፈልጉ ክበቡን አሰማሩት። ልጆቹ የስድስት ዝርያ ችግኝ አፈሉ፤ ነቀሉ፣ ሥሩን አጠቡ፣ ጫፉን በመቀስ ከረከሙ፣ አስቀድሞ ከተበጠበጠው ፈንገስ ለየትሪው እየተቀዳ በሚሞላ አንድ ባልዲ አምስት አምስት ደቂቃ ነክረው መልሰው ተከሉ። ከዚያ ሃያ አንድ ቀን ጠበቁ።

አንደኛውን ትሪ «ሟች» ብለውታል። በሽታውን እንደማይችል የታወቀ ዝርያ ነው፤ እሱ ካልሞተ ፈንገሱ አልሠራም ማለት ነው፣ ፈተናውም ውድቅ ይሆናል። ሟች አደራውን ተወጥቶ አሥራ ሁለቱም ሞተዋል። ከቀሩት ጎበዝ የተባለው እንኳ ሦስት ችግኝ አጥቷል። የአራተኛውን ዘር ያመጣው ቀጮ ነው። እሽጉ ላይ የተጻፈው ደግሞ «በሽታውን በመጠኑ ይቋቋማል» የሚል ነው።

«በመጠኑ» አለች መርማሪዋ ቀና ብላ። «በመጠኑ ማለት አራት አምስቱ ይሞታል ማለት ነው።»

«እንዲሞቱ ነው የምትፈልጊው?»

«ሲነከሩ ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ የነከርኳቸው፣ ሁላችሁም ፊት።»

«ከዚያ በኋላስ? ብቻህን መጥተህ በጤነኛ ችግኝ ብትተካቸው ማን ያይሃል?»

ቀጮ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ጓደኛዋ ነው። በጣም ቀጭን ከመሆኑ የተነሳ ንፋስ ሲመጣ «ያዙት» እያለች የምታሾፍበት እሷ ነች፤ እሱም ይስቃል። አሁን ግን አልሳቀም።

«ቀይረሃቸዋል ነው የምትይው?»

«እየጠየቅኩ ነው።»

«እሺ፣ ጠይቂ።» እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ወጣ። በሩን በኃይል ሊዘጋው ፈልጎ ነበር፤ በሩ ግን ላስቲክ ስለሆነ ጠፍ ብሎ ብቻ ቀረ።

ማንም አልሳቀም።

ቤት ስትደርስ አክስቷ ሳሎን ተቀምጣ ጠበቀቻት። አክስቷ የምትኖረው በቲማቲም ነው። አምና አበባ ላይ እንደደረሰ ግማሽ ማሳዋ በዚያው በሽታ አንገቱን ደፋ፤ ሌላው ግማሽ ተከተለ። ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ውጤቱን ለአካባቢው አትክልተኞች ይለጥፋል፤ እሷም አይታ ችግኝ ልታዝ ነው።

«ሚጣዬ፣ አንድም ያልሞተ አለ አሉኝ እኮ። እውነት ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«መምህራችሁን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ሲነግሩኝ ፊታቸው ሲበራ ብታዪ።» አክስቷ ወደ ፊት ተጠጋች። «ሙሉ ማሳዬን በእሱ ነው የምሸፍነው። እስቲ በይኝ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? አንቺ የማታምኚውን እኔም አላምንም።»

«ገና... እያጣራሁ ነው።»

«አጣሪልኝ። ዘንድሮም ከሞተብኝ እርሻ በቃኝ። ያው የሰው ሱቅ ገብቼ ሳሙና መደርደር ነው።» ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር፤ ጣቶቿ ግን የነጠላ ጫማዋን ማሰሪያ ይጎነትሉ ነበር።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት መርማሪዋ በቀጥታ ወደ ዘበኛው ሄደች። ጥላ ስር ተቀምጠው ሬዲዮናቸውን ይጠግኑ ነበር፤ ማለትም በጥፊ ይመቱታል።

«ጋሼ፣ ላስቲክ ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ ማን ይገባል?»

«ዝንብ።»

«የምሬን ነው፣ ጋሼ።»

«እኔስ? ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። ስተኛም አይወልቅም፤ ሚስቴን ጠይቂ፣ በእሱ ነገር ተጣልታኛለች።»

«ቀጮ ብቻውን መጥቶ አያውቅም?»

«ያ ልጅ? አንድ ቀንም።» ሬዲዮኑን አስቀምጠው አዩዋት። «ያስቸገርሽኝስ አንቺ ነሽ።»

«እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?»

«ችግኝ የነከራችሁ ቀን ነዋ፣ ቧንቧው የጠፋ ጊዜ። ባልዲ ታቅፈሽ ስትሮጪ መጥተሽ የምጠጣትን ውሃ አልወሰድሽብኝም? ግማሽ ጠርሙስ የማትሞላ። እስኪመሽ ምራቄን ስውጥ ዋልኩ።»

መርማሪዋ ልትስቅ አፏን ከፈተች። ከዚያ ሳትስቅ ቀስ ብላ ዘጋችው።

ባልዲውን በየመሐሉ ማጠብ የእሷ ሐሳብ ነበር። መምህሩ ያሉት ሥራው ሲያልቅ በበረኪና ይታጠብ ነው። እሷ ግን የአንዱ ትሪ ጉድፍ ወደ ሌላው እንዳይሄድ ጠረጠረች። ሌላ ሰው በደንብ አያጥበውም ብላም ስለጠረጠረች አጣቢነቱን ለራሷ ሰጠች። ከየትሪው በኋላ በበረኪና አሸችው፣ ሦስት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቀለቀችው። ሦስተኛው ትሪ ካለፈ በኋላ ግን፣ ገና በረኪናውን እንዳፈሰሰችበት፣ ቧንቧው አንዴ አስነጥሶ ቀጥ አለ። የአራተኛው ችግኞች ተነቅለው ሥራቸው አየር ላይ ነው፤ ሁሉም «ቶሎ በይ እንጂ» ይላታል። በጋሼ ግማሽ ጠርሙስ ውሃ ባልዲውን አንዴ ዞር ዞር አድርጋ ሰጠቻቸው። አምስተኛው ሲደርስ ውሃው ተመልሶ ነበር።

በረኪና የሚያጸዳው ቆሻሻ ብቻ አይደለም። ፈንገሱንም ይፈጀዋል።

«ምነው፣ ውሃዬን ልትመልሺ ነው?» አሉ ጋሼ።

«አይ... አመሰግናለሁ ጋሼ።»

በሩን አስከፍታቸው ገባች። ከአራተኛው ትሪ አንድ ችግኝ ነቅላ ግንዱን በምላጭ ሰነጠቀችው። የታመመ ግንድ ውስጡ ቡናማ ይሆናል፤ ይህ ግን እንደ ዱባ ዘር ነጭ ነው። ታግሎ አሸንፎ ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ ጭራሽ አልነካውም ሊሆንም ይችላል። ግንዱ የቱ እንደሆነ አይናገርም።

ትሪው አጠገብ ተገልብጦ በቆመ ሳጥን ላይ ተቀመጠች። ከሷ በቀር የሚያውቅ የለም። ጋሼ ትዝ ያላቸው ጥማቸው ነው እንጂ በረኪናው አይደለም። ዝርያውም እኮ በእርግጥ ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ በመጠኑም ቢሆን ይቋቋማል ተብሎ ተጽፏል። ከተናገረች የቅዳሜው ነገር ይበላሻል፣ ሌላ ሃያ አንድ ቀን ያስፈልጋል፣ ያውም ፈተና በደረሰበት ሰዓት። ክበቡ በሙሉ ይስቅባታል፤ ሲስቁም ስሟን እየጠሩ ነው። ዝም ካለች ደግሞ... ዝም ካለች አክስቷ ሙሉ ማሳ ትተክላለች።

እንዲህ ስታወጣና ስታወርድ የእረፍቱ ደወል አመለጣት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳብ ክፍል አርፍዳ ገባች።

ዓርብ ከሰዓት ክበቡ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለቅዳሜ ትልቁን ሰሌዳ ያዘጋጅ ነበር። መምህሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ፊደል ይቆርጣሉ። ቀጮ ጀርባውን ሰጥቶ የአራተኛውን ትሪ ፎቶ ይለጥፋል። ከፎቶው በታች ሳህን የሚያክል ዜሮ ተጽፏል።

መርማሪዋ በሩ ላይ ቆመች።

«ግቢ እንጂ» አሉ መምህሩ። «የት ጠፍተሽ ነው? ያላንቺ እኮ የሚጨቀጭቀን አጣን።»

ሳቁ። ቀጮ አልዞረም። «ደሞ ማንን ልትይዢ ነው የመጣሽው?» አለ ለግድግዳው።

እግሯ ወደ ኋላ ሊመልሳት ሲል ሁለት እርምጃ ወደ ፊት አስኬደችው።

«አንተ አልነካሃቸውም» አለች። «ቅድም ሁሉም ፊት... ማለቴ ረቡዕ፣ ሁሉም ፊት ስለሆነ የተናገርኩህ፣ አሁንም ሁሉም ፊት ነው የምናገረው። አልነካሃቸውም።»

የመምህሩ መቀስ ቆመ።

«ቲቸር፣ ውሃ የጠፋ ጊዜ ባልዲውን በደንብ አላለቀለቅኩትም። በረኪና ቀርቶበት ነበር። አራተኛው የተነከረው በዚያ ነው። ፈንገሱ ሞቶ ይሁን፣ ዝርያው ጎብዞ ይሁን፣ አላውቅም። እኛ ማንም አናውቅም።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ነገ አክስቴ ትመጣለች። አይታው ልትተክል ነው።»

መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሳይጠርጉት መልሰው አደረጉት።

ቀጮ ዞረ። አያት፤ ፊቱ ላይ ንዴት ይሁን ሌላ ነገር፣ መርማሪ ብትባልም መለየት አልቻለችም። ከዚያ መልሶ ወደ ሰሌዳው ዞረና የፎቶውን አንድ ጥግ እንዳይቀደድ ቀስ አድርጎ በጥፍሩ ያነሳው ጀመር።

ማጣበቂያው ገና አልደረቀም። እሷም ሄዳ ሌላኛውን ጥግ ያዘች።