ለእጇ የሚሆን ሽጉጥ

ይታክቱ ከሰዓት በኋላ ግቢዋን መጥረግ ትወዳለች። ፀሐይ ወደ ሽንፋ ወንዝ ማዘንበል ስትጀምር፣ ሰሊጥ የጫኑ መኪኖች ያስነሱት አቧራ ተመልሶ መሬት ሲይዝ፣ ከባልዲ ውሃ በእጇ እየረጨች ከውጭ በር ጀምራ እስከ ጓሮ ትጠርጋለች። የረጠበው አፈር ሽታው ይነሳል፤ የጎረቤት ወፍጮ ሞተሩ ይጠፋና ጆሮዋ ውስጥ የቀረው ጩኸት ቀስ እያለ ይከስማል። ባሏ ሽባባው እርሻ ላይ ትራክተር ተገልብጦበት ከሞተ ወዲህ ደግሞ በዚህ ሰዓት ሌላ ደስታ ታገኛለች፤ ጠርጋ ስትጨርስ መጥቶ «ይኼ ደግሞ ምኑ ተጠረገ?» የሚላት የለም። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ለቅሶው ላይ እንደ ደንቡ ደረቷን መትታለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች፣ ጥቁር ለብሳለች፤ ሰው ሲበተንላት ግን ስንት ዓመት ሙሉ ጠርዙን ይዛ ተሸማቅቃ የተኛችበት አልጋ ላይ እጅና እግሯን ዘርግታ እንቅልፏን ትለጥጥ ነበር።

ነገሩ የጀመረው አርባው ከወጣ በኋላ ነው። አመሻሽ ላይ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ፣ በቤቱ ግድግዳና በቆርቆሮ አጥሩ መካከል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ሰው ሲሄድ ሰማች። ኮቴው አይቸኩልም። ከኮቴው ጋር ሌላ ድምፅ አለ፤ ደረቅ መዳፍ የጭቃውን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች እየዳበሰ ሲያልፍ የሚያሰማው፣ አልፎ አልፎ የምርጊቱን ፍርፋሪ የሚያራግፍ፣ ዓይነ ስውር ሰው በማያውቀው ቤት ውስጥ መንገዱን ሲፈልግ ዓይነት ድምፅ። መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። የመስኮቱ እንጨት ወደ ውስጥ ትንሽ ተገፋ፣ መልሶ ተለቀቀ። ከዚያ ኮቴው ቀጠለ፣ በጓሮ ዞሮ መጣ፣ በሩ ጋ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። ቢላዋዋን ጨብጣ በሩን ስትከፍት ማንም የለም። ጠርጋ የጨረሰችው መሬት ላይ መጥረጊያው ያሰመረው መስመር እንኳ አልተነካም።

በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀንም። ጨለማ አይጠብቅም፤ ብርሃኑ ሲቀላና ዶሮዎቹ ወደ ቆጣቸው ሲያዘግሙ ይመጣል። ከሁሉ የከፋባት ግን የውሻዋ ነገር ነበር። መቻል የሚሏት ውሻዋ ለቄስም ለዶሮም የምትጮህ ውሻ ነች። ኮቴው ሲመጣ ግን አትጮህም። ሆዷን መሬት ላይ ለጥፋ፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ አጣብቃ፣ ሽንቷ እያመለጣት በጅራቷ መሬቱን ቀስ እያለች ትመታለች። ይታክቱ ውሻዋ እንዲህ ስትሆን የምታውቀው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር።

ታናሽ እህቷ ዝማም ነገሩን ስትሰማ ጓዟን ጠቅልላ መጣች። ዝማም ደፋር ናት። ሽባባው በሕይወት እያለ፣ ይታክቱ የፊት ጥርሷን ያጣች ሰሞን፣ ሽማግሌ ሰብስባ በሰው ፊት ያሸማቀቀችው እሷ ነች። ሽባባው ያን ቀን አንድም ቃል አልመለሰም። ከዚያ በኋላም የዝማም ስም በተነሳ ቁጥር፣ ስኳሩ ሟሙቶ ያለቀ ሻይ ለረጅም ጊዜ ያማስል ነበር።

ዝማምም ኮቴውን ሰማች።

«ሌባ ነው እትዬ» አለች። «ሁለት ሴቶች ብቻችንን መሆናችንን አጥንቶ ነው። ሽጉጥ ግዢ።»

«መተኮስ መች አውቄ?»

«መተኮሱ ቀርቶብሽ መያዝሽ ይሰማ። ያኔ ማንም አይደርስብንም።»

ይታክቱ ሌባ አለመሆኑን ልቧ ያውቀዋል። ነገር ግን ማረፍ አቅቷታል። ተቀምጣ ትነሳለች፣ ነጠላዋን አጣፍታ መልሳ ትፈታለች፣ ከሰው ጋር እያወራች ዓይኗ ከግድግዳ ግድግዳ ይዞራል፤ እህል አፏ ውስጥ ገብቶ እንደ ሰፍነግ ይንከባለላል። የሚያደርጉት ነገር መኖሩ ራሱ ከምንም ይሻላል ብላ የሽጉጥ ፈቃድ ወረቀት ከወረዳ ባገኘች ዕለት፣ ገና ረፋዱ ላይ፣ ወደ ጋሽ ቢተው ቤት ሄደች።

ጋሽ ቢተው በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት መሣሪያ ጠጋኝ የነበሩ፣ አሁን ሽጉጥ የሚሸጡ፣ ጣቶቻቸው በቅባት የጠቆሩ ሽማግሌ ናቸው። የሚሸጡባት ክፍል መስኮት የላትም። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን ቁልቁል ይደፋል፤ ክፍሏ የናፍጣ፣ የአሮጌ ቆዳና የብረት ዝገት ሽታ አምቃ ይዛለች። ከላይ የተንጠለጠለችው አምፖል ብርሃኗ ሽጉጦቹን ከሸፈነው ብርድ ልብስ አያልፍም፤ ማዕዘኖቹ ጥቁር ናቸው። ይታክቱ በርጩማው ላይ ስትቀመጥ ጀርባዋን ለአንዱ ማዕዘን መስጠቷን አልወደደችውም። በርጩማውን ወደ ግድግዳው አስጠጋችው። ግድግዳውን ስትነካው ደግሞ መልሳ አራቀችው።

«እይ ልጄ» አሉ ጋሽ ቢተው፣ ብርድ ልብሱን እየገለጡ። «ሰው እዚህ ሲመጣ የሚያብረቀርቀውን ያነሳል። እኔ አልሸጥለትም። ሽጉጥ እንደ ጫማ ነው፣ ልክሽ መሆን አለበት። ጣትሽ ቃታው ላይ በደንብ መድረስ አለበት፤ እጀታው መዳፍሽን መሙላት አለበት፤ ክብደቱ ደግሞ አንጓሽን መጣል የለበትም። የፈለግሽው ለቤት ነው ለመንገድ?»

«ለቤት።»

«ማንን ፈርተሽ?»

ዓይኗ ወደ ጥቁሩ ማዕዘን ሄደ። ጋሽ ቢተውም አላስጨነቋትም። ትንሽ የቱርክ ሽጉጥ አንስተው ጥይት አለመጉረሱን አሳዩአትና ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩላት። አነሳችው። ቀላል ነው፣ ግን ጣቶቿ በዙበት፤ ትንሿ ጣት መያዣ አጥታ አየር ላይ ቀረች። ቃታውን ስትስብ አፈሙዙ ወደ መሬት ተደፋ። ቀጥለው ማካሮቭ ሰጧት። እጀታው ወፈረባት። ስታር የሚባለውን ሰጧት፤ ቀጭንና ረጅም፣ ለሴት እጅ የተሠራ የሚመስል፤ እሱም እንደያዘችው በላብ ተንሸራተተ። ሽማግሌው እጆቿን ያያሉ። ክፍሏ ውስጥ የሚሰማው የቃታው ቀጭን ቅጭታና የጣሪያው ሙቀት የሚያፈነዳው የሚስማር ድምፅ ብቻ ነው። ከኋላዋ፣ በጥቁሩ ማዕዘን በኩል፣ አንገቷ ላይ ትንፋሽ የመሰለ ነገር ይመጣና ይሄዳል። ሁለት ጊዜ ዞራ አየች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ካፖርት ነው።

«ያኛውስ?» አለች፣ ብርድ ልብሱ ጥግ ላይ ለብቻው ወደተኛ ትልቅ ጥቁር ሽጉጥ እያመለከተች።

«ኮልት ነው። ተዪው፣ እሱ ለአንቺ አይሆንም። ግዙፍ እጅ ላለው ወንድ እንኳ ይከብዳል።»

እሳቸው ተናግረው ሳይጨርሱ እጇ ውስጥ ነበር።

አልከበዳትም። እጀታው መዳፏን ሞላው፤ ጣቷ ቃታው ላይ፣ ዓመት ሙሉ የኖረበት ቦታ ይመስል፣ ተጋደመ። ያን ጊዜ ያ ከአርባው ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ የከረመው ነገር በአንድ ጊዜ ቆመ። ሰውነቷ በሙሉ ቀዘቀዘላት። እጇ ጥይት የሚጎርሰውን ካርታ በአውራ ጣት ተጭኖ አወጣ፣ ወደ ብርሃኑ ዘቅዝቆ አየ፣ መልሶ ሰካ፤ የላዩን ብረት ጉልበቷ ላይ አስደግፎ ወደ ኋላ ሳበና ውስጡን ተመለከተ፤ ቀስ አድርጎ መለሰ። ይህ ሁሉ የሆነው ሰው አዝራሩን በሚቆልፍበት ቅልጥፍና ነው።

ጋሽ ቢተው ሲያልባቸው አየች።

«ማን አስተማረሽ?»

«ማንም።»

«ባለቤትሽ?»

«እሱማ መሣሪያ አስነክቶኝም አያውቅ።»

«ግራኝ ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም» አለችና እጇን አየች። ሽጉጡ ያለው በግራ እጇ ነው። ቀኝ እጇ ጭኗ ላይ፣ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ፣ እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ተዘርግቷል።

«ቅድም ሌሎቹን ሁሉ በቀኝሽ ነበር የያዝሽው» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ግራኝስ ሽባባው ነበር። ጥፊው ካልጠበቁት ወገን ነበር የሚመጣው። ይታክቱ ይህን አስባ ሽጉጡን ልታስቀምጥ ፈለገች፤ ነገር ግን ካስቀመጠችው ያ መቅበዝበዝ ተመልሶ እንደሚመጣ ታወቃት። ከስንት ቀን በኋላ ዛሬ ገና ነው ትንፋሿ ሆዷ ድረስ የወረደላት። እንቅልፍ ካጣ ሰው ላይ ትራስ አይቀማም።

«ይኼን ነው የምወስደው» አለች።

«ልጄ፣ ያችን ትንሿን ውሰጂ። ላስለምድሽ እችላለሁ።»

«ጋሼ፣ ይኼን ስይዝ አልፈራም። እባክዎ።»

ጋሽ ቢተው ኮልቱን እያዩ ቅባቱን ከጣቶቻቸው ጠረጉ። በመጨረሻ ጥይቶቹን በወረቀት ጠቅልለው አቀረቡላት፤ በእጇ ግን አልሰጧትም፤ ብርድ ልብሱ ላይ አኑረው ወደ ኋላቸው አፈገፈጉ። በር ድረስም አልሸኟትም። ጀርባቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው፣ እስክትወጣ ድረስ ዓይናቸውን ከግራ እጇ ሳያነሱ ቆመው ቀሩ።

ወደ ቤቷ ስትሄድ ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። እጇ ዘንቢሉ ውስጥ ገብቶ ሽጉጡን እንደጨበጠ ነው፤ ልታወጣው ሞከረችና በኋላ ተወችው። በመናኸሪያው በኩል ስታልፍ ከኋላዋ አንድ ሰው «አንተ!» ብሎ ጮኸ። ዞር ስትል ከሽባባው ጋር ትራክተር ይነዳ የነበረው ሲሳይነህ ነው። ሲሳይነህ ፊቷን ሲያይ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

«ይቅርታ እትዬ ይታክቱ። አረማመድሽን ከሩቅ ሳየው…» አለና ሳይጨርሰው ቀረ። መንገዱን ተሻግሮ በወዲያኛው ጠርዝ ሄደ።

ይታክቱ ከዚያ በኋላ አጭር አጭር ለመራመድ ታገለች። እግሮቿ ግን ሰፊ ሰፊውን ይወረውራሉ፤ ተረከዟ አፈሩን ይደቃል። ቤቷ ስትደርስ ዝማም ገበያ ሄዳለች። መቻል አጥሩ ሥር ተኝታ ነበር። ይታክቱ በሩን ከፍታ ስትገባ ውሻዋ አንገቷን አነሳች፣ አየቻት፣ ከዚያ ሆዷን መሬት ላይ ለጠፈች። ጅራቷ አፈሩን ቀስ እያለ መታ። ከሥሯ ያለው ደረቅ መሬት እየረጠበ ጠቆረ።

«እኔ ነኝ እኮ» አለቻት ይታክቱ። «መቻል፣ እኔ ነኝ።»

ውሻዋ ዓይኗን ጨፈነች።

ያን ቀን ግቢውን አልጠረገችም። ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዋለች፤ ዝማም ከገበያ ስትመለስም፣ ሽጉጡን አይታ «ይኼን የሚያህል?» ብላ ስትስቅም፣ ሳፋዋን አውጥታ ልብስ ማጠብ ስትጀምርም ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ብርሃኑ መቅላት ጀመረ። ዶሮዎቹ ገቡ። ወፍጮው ጠፋ፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ዓለም በሙሉ አብሮት የጠፋ ይመስል ጸጥታው ወደ ግቢው ፈሰሰ። ዝማም ፊቷን ወደ ውጭው በር አዙራ፣ ጎንበስ ብላ ታጥባለች። የሳሙናው አረፋ በቀዩ ብርሃን ሐምራዊ መሰለ።

ሰዓቱ ደረሰ። ሁለቱም ጆሯቸውን ሰጡ። መተላለፊያዋ ውስጥ ኮቴ የለም። ግድግዳውን የሚዳብስ የለም። ምርጊት አልረገፈም፣ መስኮት አልተገፋም። ብርሃኑ ከቀይ ወደ አመድማ ሲለወጥም ምንም አልመጣም።

«አየሽ?» አለች ዝማም እየሳቀች፣ እጇን ከውሃው ሳታወጣ። «አላልኩሽም? ወሬው ደርሶታል። ከዛሬ ወዲያ በሰላም እንተኛለን።»

ይታክቱ ከእህቷ ጋር ልትስቅ ፈለገች። ነገር ግን እዚያው እንደተቀመጠች፣ ስታዳምጠው የከረመችው ያ መዳፍ ለምን ግድግዳውን እንዲያ ቀስ እያለ፣ ስንጥቅ ሳያልፍ ይዳብስ እንደነበር ገባት። ሊያስፈራራት አልነበረም። በር ሲፈልግ ነበር።

ጭኗ ላይ ግራ እጇ ጥይቶቹ የተጠቀለሉበትን ወረቀት ከፍቶ አንድ በአንድ ካርታው ውስጥ ያስገባቸዋል። አይቸኩልም። እያንዳንዷ ጥይት ስትገባ ትንሽ ቅጭ ትላለች፤ ድምፁ ከልብሱ መታሸት ጋር ተደባልቆ ዝማም ጆሮ አይደርስም። ይታክቱ ቀኝ እጇን አንስታ ግራውን ልትይዝ ታገለች። ቀኟ አልተነሳም። እግሮቿን አዘዘች። እነሱም ከራሷ እንዳልሆኑ ሁሉ ዝም አሉ። አንገቷ ብቻ ቀርቷታል ብላ አሰበች፤ አንገቷና ድምፅዋ። እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ ተሰማት፤ ግራ እጇ ካርታውን መልሶ ሰካ፤ አፈሙዙ ከጭኗ ተነስቶ ወደ እህቷ ወገብ ቀስ እያለ ሲቀና አየች።

«እትዬ» አለች ዝማም ወደ ኋላዋ ሳትዞር፣ ነጭ ሸሚዝ ጠምዝዛ እየጨመቀች፣ «በቃ ሄዷል ማለት ነው አይደል?»

ይታክቱ ያለ የሌለ ኃይሏን ወደ ጉሮሮዋ ሰበሰበች፤ ከንፈሮቿ ታዘዙላት፣ ትንፋሿም ወጣላት።

«አዎ፣ ሄዷል፤ አንቺ ዝም ብለሽ እጠቢ» አለቻት፣ አፏን የከፈተችው ግን ተነሺና ሩጪ ልትላት ነበር።