ያልተለኩት ሦስት ቀናት

የባዮሎጂ መምህሩ የልጅቷን ደብተር ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ። «ሠንጠረዥ ማለት እንዲህ ነው። ነገ ሰሌዳ ላይ ትጽፊልናለሽ፤ ሁሉም ከራሱ ጋር ያስተያያል» አሏት። ልጅት አንገቷን ደፋች። ሲመሰገን አንገቱን የሚደፋ ሰው ትሑት ይመስላል፤ የእሷ ግን ወሽመጧ ነበር ቁርጥ ያለው።

የሰፈር ሰው «አንደኛ» ነው የሚላት። ትምህርት ከጀመረች አንስቶ ከዚያ ዝቅ ብላ ስለማታውቅ፣ እውነተኛ ስሟን የረሱ ጎረቤቶችም አሉ። ዘንድሮ ተፈትና በገባችበት ልዩ የሳይንስ ክፍል ግን ሁሉም የየሰፈሩ አንደኛ ነው። ፊዚክስ በየቀኑ አሥር ጥያቄ፣ ኬሚስትሪ በየሳምንቱ ሪፖርት፣ ሒሳቡስ አይነሳ። የመጀመሪያውን የፊዚክስ ፈተና ከሠላሳ አሥራ አንድ አምጥታ፣ ወረቀቱን ቦርሳዋ ሥር ቀብራዋለች። በሴሚስተሩ መጨረሻ አማካዩ ከሰባ የወረደ ተማሪ ወደ መደበኛው ክፍል ይመለሳል። እሷ ሰባዋ ላይ በጣቶቿ ጫፍ ነው የቆመችው።

የባዮሎጂው ሥራ ከሁሉም ቀላል መስሏት ነበር፤ አንድ የባቄላ ችግኝ ለአሥር ቀን በየጠዋቱ መለካት። በስድስተኛው፣ በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን ግን የኬሚስትሪ ሪፖርቷን ስታሳድድ ከቤተ መጻሕፍት ሳትወጣ ደወል ተደወለ። በዘጠነኛው ቀን ለካች፤ በመሃል ያደገውን ለአራት አካፈለችና ባዶዎቹን ሞላች። ሒሳብ መቻል ለዚህም ይጠቅማል።

ከክፍል ሲወጡ ዴስክ የምትጋራው፣ «ቀጮ» የሚሉት ልጅ ተከተላት። የእሱ ሠንጠረዥ ስርዝ ድልዝ የበዛበት ነው። ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ የላብራቶሪው ሠራተኛ መስኮቱን ሲጠግኑ ችግኞቹን ሁሉ ሁለት ቀን ሙሉ ጨለማ ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጠዋቸው እንደነበር ነገራት።

«የሁላችንም በስምንተኛው ቀን ገርጥቶ ተመዝዟል። ያንቺ ግን በየቀኑ እኩል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባቄላ ነው ወይስ ሰልፈኛ?»

ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። እሱ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወደ በሩ ቀደማት።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የደንበኞችን ልክ ከደብተሩ ታነብለታለች፣ እሱ ጨርቁ ላይ በሳሙና ያሰምራል። ትከሻ አርባ ስድስት፣ ደረት መቶ ሁለት፣ እጅጌ... እጅጌው ላይ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። ስትጠይቀው የደንበኛውን እጅጌ መለካት ረስቶ እንደነበር፣ ደውሎለትም ሰውየው ነገ ሊለካ እንደሚመለስ ነገራት።

«ከትከሻው ተነስቶ መገመት አይቻልም?»

«መገመትማ ይቻላል። አንዴ ለአንድ ሙሽራ ገምቼ ሰፋሁ፤ ሠርጉን ሙሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ዋለ።»

«ረሳሁ ብለህ መደወሉ አያሳፍርህም፣ አባዬ?»

«ያሳፍራል እንጂ» አለ መቀሱን እያነሳ። «በይ ወገቡን አንብቢልኝ።»

አነበበችለት። ልቧ ግን ሌላ ስሌት ላይ ነበር። አንድ ያልተለካ ቀን ሁለት ማርክ ያስቀንሳል፤ ሦስት ቀን ስድስት። መምህሩ ተናደው ጭራሽ ዜሮ ቢሰጧትስ? በመደበኛው ክፍል በር ስትገባ፣ እነዚያ «አንደኛ» የሚሏት ጎረቤቶች ምን እንደሚሏት ታያት።

በማግሥቱ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች። መምህሩ ደብተሯን ይዘው ከጎኗ ቆመዋል፤ ቀጮ ከኋላ ዴስክ ላይ እስኪርቢቶውን ያሽከረክራል። ከአንደኛው እስከ አምስተኛው ቀን ያሉትን ቁጥሮች ጻፈች። ከዚያ እጇ ቆመ።

መምህሩ ደብተሩን አይተው «ስድስተኛው...» ብለው ሊያነቡላት ጀመሩ።

«አያንብቡት ቲቸር» አለች። ድምፁ የራሷ አልመሰላትም። «እሱን አልለካሁትም። ሰባተኛውንና ስምንተኛውንም። ከራሴ ነው የሞላሁት።»

መምህሩ ደብተሩን በዝግታ ዘጉት፤ ፊታቸውን ለማየት አልደፈረችም። በሦስቱ ሣጥኖች ውስጥ አጭር አጭር ሰረዝ አሰመረች።

ቀጥላ የዘጠነኛውን ቀን ቁጥር ጻፈች። እሱን ለክታዋለች።