አረንጓዴው ፊቴ

አባቴ መኪና ቀለም በሚቀባበት ግቢ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራውን ወጣት ሁሉም «ወርቅ እጅ» ይለው ነበር። በኤርብራሽ፣ በቀጭኗ የቀለም መርጫ፣ የጭነት መኪና በር ላይ የሚረጨው የሰው ፊት አሁን ሊናገር የደረሰ ይመስላል። ቀይና አረንጓዴ መለየት እንደማይችል የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሥራ በጀመረ ሰሞን አረንጓዴውን ብልቃጥ አንስቶ «ይሄ ቀይ ደስ ሲል!» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አንገቱን ደፋ። ያኔ ነው የወደድኩት።

ከዚያ ወዲህ ቀለም የምመርጥለት እኔ ሆንኩ።

«ለፊት ጥቁር አትጨምር፣ ሬሳ ያስመስለዋል። ቢጫና ቀይ ቀላቅልና አረንጓዴ ጠብ አድርግበት።»

«ቀይና አረንጓዴ ዐይንና ናጫ ናቸው አላልሽም?»

«ጎን ለጎን ሲሆኑ ይጯጯሃሉ። ሲቀላቀሉ ግን አንዱ ሌላውን ያበርደዋል።»

«እንደ እኔና እንዳንቺ?»

«ሂድ ወደዚያ!» አልኩት፤ እንዳይሄድብኝ እየፈራሁ።

ሊያገባኝ እንደሚፈልግ ለአባቴ ሲነግረው፣ አባቴ «ነገር በዐይን ይገባል» አለ። «የልጄን መልክ ላሜራ ላይ ሣልልኝ። ከመሰለ ያንተ ናት። እስክትጨርስ ግን አክስቷ ዘንድ ትቆያለች።»

ከመሄዴ በፊት ብልቃጦቹን ደረደርኩለት። ቢጫው መሀል፣ አረንጓዴው በግራ።

«ቀይ በቀኝ» አልኩት። «ሁለቱም በ‹ቀ› ነው የሚጀምሩት።»

«ቀይ በቀኝ» አለ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን።

እናቴ ትወደው ነበር። ሥራውን በሚጀምርበት ጠዋት ቀድማው ገብታ መደርደሪያውን ወለወለችለት፤ ብልቃጦቹንም አጥባ መለሰች። ደግ መሥራቷ ነበር።

ስመለስ ላሜራው በጨርቅ ተሸፍኖ ጠበቀኝ። አባቴና እናቴ ባሉበት ገለጠው። ስስቅ የሚጠበው ግራ ዐይኔ፣ የአገጬ ጥላ፣ አንዱም አልተሳተም። ከግንባሬ እስከ አንገቴ ግን አረንጓዴ ነበርኩ።

መደርደሪያውን አየሁ። ቀዩ በግራ ነው፤ የእናቴ መወልወያ ጨርቅ አጠገቡ ተሰቅሏል።

«መሰለሽ?» አለኝ ፈገግ ብሎ።

አባቴ ወደ ላሜራው ቀረበ።

«መስሏል» አልኩ። ዐይኔን ግን ከመደርደሪያው አላነሳሁም።

ፈገግታው ጠፋ። «ጋሼ፣ ቀለሙ ምንድን ነው?»

«አረንጓዴ» አለ አባቴ።

«እማዬ ናት ያዛወረችበት!» ብዬ ጮህኩ።

«ቢዛወርስ? ዐይን የለውም?»

ያኔ ነው አፌን የያዝኩት። ምስጢሩን ያወጣሁት እኔው ነኝ።

«የለኝም፣ ጋሼ» አለ።

ኤርብራሹን እንደ ወትሮው አጠበ፣ ቦታው ሰቀለ፣ ወጣ። ተከትዬው ሮጥኩ። «ልጅሽ ሲወድቅ ደሙን የማላይ አባት አልሆንም» ብሎኝ ሄደ። ወዴት እንደገባ እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ሌላ ሰው ለመውደድ ሞከርኩ፤ ልቤ እምቢ አለኝ።

ላሜራው ክፍሌ ውስጥ አለ። ያየው ሁሉ ይስቃል። እኔ ግን ሲመሻሽ መብራት ሳላበራ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ቀይም አረንጓዴም ከክፍሉ ይወጡና ብርሃንና ጥላ ብቻ ይቀራሉ። ያኔ ቁርጥ እኔን ነው።

«መስሏል» እላለሁ። የሚሰማኝ የለም።