የሜሮን ድምፅ

ጂኒ፣ ቆሌ፣ የውሃ መንፈስ ሲባል የማልወድ ሰው ነበርኩ፣ መርሳ ከተማ ባለው ሱቄ ውስጥ እንዲህ ያለ ወሬ የጀመረ ሁሉ ወይ ስኳር ይገዛል ወይ ይወጣል፣ እመኑኝ፣ ደንበኞቼ ይመሰክራሉ።

ጦርነቱ ሲደርስብን ጨቅላዋን ልጄን ሜሮንን አዝዬ ወጣሁ፣ ደንበኛዬ የሆኑት አዛውንት ገበሬ ሼህ ይማም ከሐራ በታች ወዳለው ረግረግ ወሰዱን። ፊላው ዳር ቆም አሉና፣ "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ፊላ የሚያጭዱት ሴቶች እንኳ ቃል አይተነፍሱም፣ ውሃው የሰማውን ድምፅ ያስቀራል" አሉኝ። ተኩስ እየተከተለን የምን ተረት ነው ብዬ በሆዴ ተናደድኩባቸው።

ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ውሃው ጉልበቴ ደርሷል፣ አልቅት እግሬ ላይ ተጣብቋል፣ የውሃ ወፎቹ፣ ሽመላዎቹና ሳቢሳዎቹ፣ ግን አልተነሡም፣ ሁሉም ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ ቤቱ ሌባ እንደገባበት ሰው ያፈጡብናል። እንዴት እንደጠሉን ልነግራችሁ አልችልም።

ወዲያው ታጣቂዎች ዳር ላይ ሲነጋገሩ ተሰማ፣ ሜሮንም አለቀሰች። ጡት ባጎርሳት እምቢ አለች። አንዱ "ልጅ አለ፣ እዚህ ጋ" ሲል ፊላው ውስጥ ጎንበስ አልኩ።

ያኔ ከግራ በኩል ከፊላው ውስጥ ያው ልቅሶ ተነሣ። ከዚያ ከቀኝ፣ ከዚያ ከኋላችን፣ በመጨረሻ ከየአቅጣጫው፣ የልጄ ልቅሶ ነው፣ ሲያበቃ ሁለቴ ህቅ የምትለው እንኳ አልቀረም። ከታጣቂዎቹ አንዱ ማርያምን ሲጠራ ሰማሁ፣ ከዚያ እየተጋፉ ሮጡ። ሼህ ይማም "አዑዙ ቢላህ" ደጋግመው ይላሉ። ሜሮንን ባያት አፏ ተከፍቷል፣ እንባዋ ይወርዳል፣ ድምፅ የላትም።

እስከ ዛሬ የላትም። ወልድያ ያሉ ሐኪሞች ጉሮሮዋ ጤነኛ ነው ይላሉ። ሰው ደግሞ ወፎቹ ልቅሶዋን ወስደው አተረፏችሁ ይለኛል፣ እኔ ይህን ስሰማ እበግናለሁ፣ ማን ለመናቸው?

በቅርቡ ብርቅ የውሃ ወፎችን የሚያጠና አንድ ጎልማሳ ውሃ ሊገዛ ሱቄ ገባ። ረግረጉ ውስጥ ማንም የማያውቀው ወፍ እንዳገኘ ነገረኝና የቀዳውን ድምፅ ከስልኩ ከፈተ፣ "እትዬ፣ ይህን ወፍ ያውቁታል?" አለኝ።

የጨቅላ ልቅሶ አልነበረም። አድጓል። የትንሽ ልጅ ድምፅ ነው፣ "እማ፣ እማ" ይላል፣ ከዚያም ሁለቴ ህቅ።

አላውቀውም አልኩት። ዞር ስል ሜሮን ከባንኮኒው ሥር ቆማለች፣ ከንፈሯ ከስልኩ ጋር እኩል ይንቀሳቀሳል።