ድርብ በር

ትርሲት ማለዳ ማለዳ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ ኮሪደሩን ወልውለው ሳይጨርሱ፣ ወደ ምድር ቤቱ ትወርድና መጨረሻ ላይ ያለችውን የመለማመጃ ክፍል ትከፍታለች። የኪነ ጥበባት ዩኒቨርሲቲው ድሮ ገዳም ነበር። ጀርመኖች መነኮሳቱን አስወጥተው ዘፋኝ፣ ዳንሰኛና ቀራጭ ቢያስገቡበትም ጸጥታው ንቅንቅ አላለም፤ ያስነጠሰ ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፣ በየበሩ ላይም ሙዝ መብላት ክልክል መሆኑ ተጽፏል። የእሷ ክፍል እርጥብ ድንጋይና አሮጌ የፒያኖ እንጨት ይሸታል። በሩ ድርብ ነው። አንዱን ዘግታ ሌላውን ስትደርብበት ጆሮዋ ውሃ ውስጥ የገባ ይመስል ዓለም ጭር ትላለች፤ ከውጭ ሰው ቢጣራ፣ በሩን በቡጢ ቢደበድብ እንኳ አይሰማም። ኮሪደሩን የምታየው በሮቹ ላይ በተገጠመችው መዳፍ በምታህል መስታወት ብቻ ነው።

ከዚያ ስልኳን ፒያኖው ላይ ታስቀምጥና ደምበጫ፣ ለእናቷ ትደውላለች።

እናቷ ወይዘሮ ጥሩአየሁ በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ናት። ትርሲትም የመመረቂያ ሥራዋ አድርጋ የመረጠችው የእናቷን ሙሾ ነው። ፕሮፌሰሯ ትርሲት ከልጅነቷ የምታስታውሰውን ቅንጫቢ ሰምታ፣ ዓይኗን ጨፍና ስታበቃ፣ «ሐዘኑ ግሩም ነው፤ ትንሽ ማስረዘም ይቻል ይሆን?» ብላት ነበር። ችግሩ እናትየው አለመስማማቷ ነበር።

«ምነው ልጄ! ሬሳ በሌለበት ሙሾ ይወረዳል እንዴ? ሟርት እኮ ነው። ይልቅ የሠርግ ዘፈን ልስጥሽ፤ ፈረንጁ በምን ይለየዋል!»

ከነሐሴ ወዲህ ግን እሺ አለች። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፣ ትርሲትም አልጠየቀችም፤ የተለመነ ነገር ሲሰጥ ማን ይመረምራል? በየማለዳው አንድ አንድ ግጥም ታወርድላታለች። ድምፅዋን ሲቆራርጥ የኖረው ሳል ጠፍቷል። የጎረቤት ሬዲዮ የለም፣ ዶሮ የለም፣ በስንኝና በስንኝ መካከል የሚሳብ ትንፋሽ እንኳ የለም፤ ከድምፅዋ ኋላ የሚሰማው አንድ ደረቅ ነገር ቀስ እያለ ሲንሸራተት ብቻ ነው፣ ከጎተራ እንደሚፈስ እህል።

ትርሲት ግጥሙን ተቀብላ አዚማ ስትጨርስ ደግሞ ይንኳኳል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ጀርመን ተማሪ ሲደሰት አያጨበጭብም፤ በጣቱ አንጓ ጠረጴዛ ያንኳኳል። ትርሲት በመጀመሪያው ሳምንት ዘፍና ስትጨርስ ክፍሉ በሙሉ ሲያንኳኳ፣ ሰው በር ላይ የቆመ መስሏት በአማርኛ «ግቡ!» ብላ ጮኻለች። ይኸው እስከ ዛሬ ኮሪደር ላይ ሲያገኟት ሰላምታቸው «ግቡ!» ነው። ታሪኩን ለእናቷ ስትነግራት በሳቅ ፈርሳ ነበር። አሁን የሚንኳኳው ግን ከፒያኖው እንጨት ውስጥ ነው።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ እንዴ?»

«ወድጄልሽ ነዋ» አለች እናቷ።

አንድ ቀን ወንድሟ ይበልጣል ዘንድ ደወለች። እናታቸውን እንዲያገናኛት ስትጠይቀው፣ ፈጠን ብሎ «ጠበል ሄዳለች» አላት።

«ጠዋት እኮ አውርተናል።»

ይበልጣል ማልቀስ ጀመረ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

እሑድ ጋሽ መሸሻ ምሳ ጠሯት። ጋሽ መሸሻ ታክሲ ነጂ ናቸው፤ በከተማው ላሉ አበሾች የእድር ዳኛም ናቸው። ሲበዛ ቀልደኛ የሆኑት ሰውዬ በዚያ ቀን አልቀለዱም። ሚስታቸው እትዬ ሙሉነሽ ጉርሻ እየደራረቡላት ፊታቸውን ያዞራሉ። ሳህኑ ሲነሣ ጋሽ መሸሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ትርሲትዬ… መቼም ሰው ሆኖ…» አሉ።

ይህ አጀማመር ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ አበሻ የለም። ትርሲት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ልምምድ አለኝ፣ ጋሼ።»

«ኧረ ቡና እንኳን…»

«ልምምድ አለኝ!»

ካፖርቷን እንኳ በቅጡ ሳትለብስ ሮጣ ወጣች። መርዶ ካልሰሙት መርዶ አይደለም።

በማግስቱ ማለዳ ምድር ቤቱ ከወትሮው ይልቅ ጨልሞ ነበር። ሁለቱን በሮች ደራርባ ዘጋች። ስልኳን ፍለጋ ቦርሳዋ ውስጥ እጇን ሰደደች፤ የለም። ጋሽ መሸሻ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ ትታዋለች።

«ደረስሽ ልጄ?» አለ ከፒያኖው በኩል የእናቷ ድምፅ።

ትርሲት ቀና አላለችም። ክፍሉ አዲስ የተቆፈረ አፈር ይሸታል። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ደረስኩ፣ እማዬ።»

«የዛሬው የመጨረሻው ነው። ያዥው።»

ድምፅዋ ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣ ለስላሳ ሆኖ፦

*በር አንኳኪ ቢሉኝ ማለዳ ተነሥቼ፣*
*ማን ይከፍትልኛል እኔ ውስጥ ገብቼ።*

ሬሳ በሌለበት ሙሾ አይወረድም። ትርሲት ከነሐሴ ጀምሮ በየማለዳው የማን ሬሳ ላይ ሲለቀስ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት፤ አልቃሿ ለራሷ የሚያለቅስላት አጥታ፣ ሙያዋን ለልጇ እያስተማረች ኖሯል። አፏን በሁለት እጇ አፈነች።

መስታወቷ ላይ ጥላ አረፈ። ጋሽ መሸሻ ናቸው። ከኋላቸው እትዬ ሙሉነሽና ሌላ ሴትዮ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ቆመዋል። በሩን በቡጢ ይመታሉ፤ ድምፅ የለም። የጋሽ መሸሻ አፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በግራ እጃቸው የትርሲትን ስልክ ይዘዋል፤ መብራቱ ቦግ ብሎ «ይበልጣል» ይላል።

«ማነው?» አለች እናቷ።

«ጋሽ መሸሻ።»

«ምን አሉሽ?»

«አይሰማም።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። እስካልነገሩሽ ድረስ አለሁ።»

ትርሲት እያለቀሰች ተነሣች። እጀታው ከመዳፏ አንድ ስንዝር ይርቃል። ከመስታወቱ ማዶ እትዬ ሙሉነሽ እጃቸውን ዘርግተዋል፤ ደረታቸው ላይ ሊያስለቅሷት፣ ንፍሮ ሊያበሏት፣ እንደ ሰው ልጅ ሊያስተዛዝኗት። አንዴ ብትከፍት ሁሉም ያልቃል፤ ነገ ማለዳ ማንም «ደረስሽ?» አይላትም።

ከኋላዋ፣ ከፒያኖው ውስጥ፣ በትሕትና ተንኳኳ። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

ትርሲት እጇን ከእጀታው መለሰች፣ ለቆሙት ሰዎች ጀርባዋን ሰጠች፣ እንባዋን ጠረገችና ልክ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ቀስ ብላ፣ «ግቢ፣ እማዬ» አለች።